ሲሼልስ ወይስ ሞሪሸስ? በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ለመኖር ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ሲሼልስና ሞሪሸስ በማስታወቂያ ፎቶግራፍ ላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባና ሰማያዊ ባሕር። ሁለቱም ከብሪታንያ ቅኝ አገዛዝ ነፃ የወጡ፣ ክሪዮል (ከፈረንሳይኛ የመጣ የደሴቶቹ ቋንቋ) የሚነገርባቸውና ገንዘባቸውን ሩፒ ብለው የሚጠሩ የአፍሪካ ኅብረት አባላት ናቸው፤ ሞሪሸስ በ1968፣ ሲሼልስ በ1976 ነፃነታቸውን አግኝተዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ የሲሼልስ ዋና ደሴት ወደ ሆነችው ወደ ማሄ ስለሚበር የሥራ ጥሪ የሚደርሳቸው ወገኖቻችንም ሁለቱን አገሮች እያቀላቀሉ ሲጠይቁ ይሰማል። ለሳምንት ለሚጎበኝ ሰው መቀላቀሉ ጉዳት የለውም። የቤት ኪራይ ለሚከፍል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያስገባ፣ በሌሊት ሐኪም ለሚፈልግ ሰው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።

መለኪያዎቹ

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት የምመዝንባቸውን ነገሮች ላስቀምጥ። የመጀመሪያው ደመወዙ ስንት ነው የሚለው ሳይሆን ከቤት ኪራይና ከምግብ በኋላ ምን ይተርፋል የሚለው ነው። ሁለተኛው የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ በማን እጅ እንዳለና ሥራው ቢበላሽ ሌላ በር መኖር አለመኖሩ ነው። ከዚያም ሕክምና፣ የልጆች ትምህርት፣ የተፈጥሮ አደጋና የአካባቢ ደኅንነት፣ በመጨረሻም መጓጓዣን፣ ውኃን፣ ኢንተርኔትን፣ ቋንቋንና እምነትን የያዘው የዕለት ኑሮ ይከተላሉ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን መለኪያ ይዘለዋል፤ በእኔ ግምት ግን ከገንዘቡ ቀጥሎ ትልቁ እሱ ነው። የባሕሩን ውበት ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ በዚህ ረገድ አንዱ ከሌላው ስለማያንስ ለውሳኔ አይረዳም።

የልዩነቱ ሥር፦ ስፋትና የሕዝብ ብዛት

ሞሪሸስ ዋናዋ ደሴት ብቻ 1,865 ካሬ ኪሎ ሜትር ትሰፋለች፤ ሮድሪገስንና ሌሎቹን ትናንሽ ደሴቶች ጨምሮ የአገሪቱ ስፋት ወደ 2,040 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሕዝቧ 1.26 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ሲሼልስ 115 ደሴቶች አሏት ቢባልም ሁሉም ተደምረው 460 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞሉም፤ ሕዝቧም ከ100,000 በጥቂቱ ቢበልጥ ነው። እንደ ኮልፌ ቀራንዮ ያለ አንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ብቻውን ከመላው የሲሼልስ ሕዝብ የሚበዛ ነዋሪ ይይዛል። ከአሥር ሲሼልሳውያን ዘጠኙ ያህል ደግሞ ማሄ በተባለችው አንዲት ደሴት ላይ ይኖራሉ።

ማሄ 155 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብትሰፋም መካከሏን የያዘው 905 ሜትር ከፍታ ያለው ሞርን ሲሼልዋና ሌሎች የግራናይት ድንጋይ ተራሮች ናቸው። ለቤት የሚሆነው ሜዳ በባሕሩና በተራራው መካከል የቀረው ጠባብ መቀነት ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በ1971 የተከፈተው ባሕር ተደልድሎ በተገኘ መሬት ላይ ሲሆን፣ ለብዙ ቤተሰቦች መኖሪያ የተሠራባት የፐርሲቪራንስ ደሴትም የባለጸጎች መንደር የሆነችው ኤደን ደሴትም በተመሳሳይ መንገድ ከባሕር የተገኙ ናቸው። ሞሪሸስ በአንጻሩ የሸንኮራ አገዳ ሜዳ አላት። ከዋና ከተማዋ ከፖርት ሉዊስ ተነሥቶ በሮዝ ሂልና በካትር ቦርን አልፎ እስከ ኪዩርፒፕ የሚወጣው የከተሞች ሰንሰለት ለሚከራይም ለሚሠራም ሰው ብዙ አማራጭ ይሰጣል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ልዩነቶች አብዛኞቹ፣ ከኪራዩ እስከ ሐኪሙ፣ ከዚህ የመጠን ልዩነት የሚመነጩ ናቸው።

ገቢ፣ ኪራይና ገበያ

በቁጥር ብቻ ከተሄደ ሲሼልስ ትበልጣለች። የነፍስ ወከፍ ገቢዋ በአፍሪካ ከፍተኛው ነው፤ የዓለም ባንክም ከ2015 ጀምሮ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ተርታ መድቧታል። ሞሪሸስ በ2020 እዚያው ደረጃ ደርሳ፣ ወረርሽኙ ቱሪዝሟን ሲያቆመው በዓመቱ አንድ ደረጃ ወርዳለች። በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ልማት መለኪያ ግን ሁለቱም «እጅግ ከፍተኛ» በሚለው ምድብ ውስጥ ናቸው፤ በ2025 በወጣው ሪፖርት ሲሼልስ 0.848፣ ሞሪሸስ 0.806 አግኝተዋል።

የሥራ ጥሪ የደረሰው ሰው በመጀመሪያ ሊጠነቀቅ የሚገባው በሩፒው ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ገንዘቡ የተለያየ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 14 የሲሼልስ ሩፒ ሲመነዘር በሞሪሸስ ግን 45 ሩፒ ገደማ ነው። ስለዚህ «15,000 ሩፒ» የሚል ደብዳቤ ከማሄ ቢመጣ ከ1,000 ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ደመወዝ ነው፤ ከፖርት ሉዊስ ቢመጣ ግን 330 ዶላር ገደማ ይሆናል፣ ይህም በጥር 2024 በሞሪሸስ ሕግ ዝቅተኛ ደመወዝ ሆኖ ከተወሰነውና ከዚያ ወዲህ ከፍ ካለው 16,500 ሩፒ በታች ነው። ሥራ አገናኙ «ሩፒ» ብሎ ብቻ ቢናገር የየትኛው አገር እንደሆነ፣ ግብር ከተቆረጠ በኋላ ይሁን በፊት፣ በጽሑፍ ማስነገር ያስፈልጋል።

ወደ ወጪው ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ሲሼልስ የምትበላውን አብዛኛውን ነገር በመርከብ ታስገባለች፤ ሩዙ፣ ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ብዙው ሥጋና ወተት ከውጭ ነው። በዋና ከተማዋ በቪክቶሪያ ገበያ ቅዳሜ ጠዋት ቢገቡ ይህ በዓይን ይታያል። በዓሣው ሰሌዳ ላይ ቀይ ቡርዝዋ፣ ካራንግና ማኬሬል ተደርድረዋል፤ ነጫጭ ወፎች ከጣሪያው ሆነው የሚጣለውን አንጀት ይጠብቃሉ። በመንገድ ዳር የሚሸጠው ዓሣ በገመድ ተሰክቶ በእስር ነው፣ ክሪዮሎቹ «ፓኬ» ይሉታል፤ አንድ እስር ማኬሬል ለአንድ ቤተሰብ እራት ይበቃል። ጥቂት እርምጃ አልፎ ባለው የአትክልት መደብ ላይ ግን ቲማቲሙ በትንንሽ መደብ ተቆጥሮ ተቀምጧል፤ ዋጋውን የሰማ አዲስ መጤ እንደገና ይጠይቃል። በማሄ ዓሣ፣ ሩዝና «ዳቦ ፍሬ» የሚባለውን የዛፍ ፍሬ የሚበላ ሰው ይኖራል፤ እንደ አገሩ ሥጋና አትክልት እበላለሁ ያለ ሰው ግን ደመወዙ ከወር ወር አያደርሰውም።

ሞሪሸስም ብዙ ታስገባለች፣ ሩዟና ዱቄቷ የውጭ ነው። ይሁን እንጂ አትክልቷን በብዛት ታመርታለች፤ በፍላክና በካትር ቦርን የሚቆሙት ገበያዎች የጎመኑን፣ የዱባውንና የበርበሬውን ዓይነት አሟልተው ይይዛሉ። ለሠራተኛ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የመንገድ ላይ ምግቡ ነው። ዶል ፑሪ የሚሉት፣ ተፈጭቶ በተቀቀለ አተር ክክ የተሞላ ስስ ቂጣ፣ ሁልጊዜ በጥንድ ይሸጣል፤ ሻጩ የባቄላ ወጥ፣ የቲማቲም ስልስና ቃሪያ ጨምሮበት በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣል፣ የፖርት ሉዊስ የቢሮ ሠራተኛም የቀን ሠራተኛም ምሳውን እዚያው ቆሞ ይበላል። በቪክቶሪያ እንዲህ ያለ ርካሽ ምሳ የሚገኘው ሳጥን ምግብ ከሚሸጡት ጥቂት ቤቶች ሲሆን ዋጋውም አይቀራረብም።

ኪራዩን በተመለከተ ያለ ማመንታት የምለው አንድ ነገር አለ። በሲሼልስ ቤት በአሠሪው ካልተሸፈነ የደመወዙ ከፍታ ትርጉም ያጣል። መሬቱ ጠባብ ከመሆኑ በላይ ባለቤቶች ክፍላቸውን ለጎብኚ በአዳር ማከራየትን ስለሚመርጡ በወር የሚከራይ ቤት ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ሆቴሎች ለውጭ ሠራተኞቻቸው የጋራ መኖሪያ ይሰጣሉ፤ ይህ የጋራ መኖሪያ ስንት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚያስተኛ ሳይጠይቁ መፈረም ስሕተት ነው። በሞሪሸስ በመካከለኛው ከፍታ ከተሞች የሚገኝ ተራ አፓርታማ በአማካይ ደመወዝ የሚከራይ ነው፤ ውድ የሚሆነው በሰሜን በግራን ቤና በምዕራብ የባሕር ዳርቻ የውጭ አገር ሰዎች በተሰባሰቡበት አካባቢ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ በሁለቱም አገሮች 15 በመቶ ስለሆነ በዚህ ልዩነት የለም።

ፈቃዱ በማን እጅ ነው?

በሲሼልስ የውጭ ዜጋ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፈቃድ የሚያወጣው አሠሪው ነው፤ ፈቃዱም ከአንድ አሠሪና ከአንድ የሥራ መደብ ጋር የተሳሰረ ነው። ለጉብኝት የሚገባ ሰው ከሞላ ጎደል ከየትኛውም አገር ቢመጣ ቪዛ ባይጠየቅም፣ በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ወስዶ ይገባል፣ በዚያ አገባብ መሥራት ግን ሕገ ወጥ ነው። «መጀመሪያ ግባ፣ ከዚያ ይስተካከላል» የሚል አገናኝ ካጋጠመ እዚያው ላይ ነገሩን ማቆም ይገባል። ቤትና መሬት ለመግዛትም የውጭ ዜጋ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል። አገሪቱ ትንሽ በመሆኗ ይህን ጥንቃቄዋን እረዳለሁ፤ ጥቂት ሺህ ሰው ቢገባ የሕዝቧ ስብጥር ይለወጣል። ለሠራተኛው ግን ውጤቱ ከአሠሪው ጋር ከተጣላ ሌላ ማረፊያ ሳይኖረው ወደ አገሩ መመለሱ ነው።

ሞሪሸስ በፋብሪካና በግንባታ ለሚቀጠር ሠራተኛ ከዚህ ብዙም አትሻልም። ከባንግላዴሽ፣ ከሕንድ፣ ከኔፓልና ከማዳጋስካር የሚመጡት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ፈቃድ ያው በአሠሪያቸው እጅ ነው። ሙያ፣ ገንዘብ ወይም ጡረታ ያለው ሰው ግን በሞሪሸስ ብዙ በር አለው። ለባለሙያ፣ ለባለሀብትና በግሉ ለሚሠራ ሰው ሥራንና መኖሪያን በአንድ ሰነድ የያዘ ፈቃድ አለ፤ ዕድሜው 50 የደረሰ ጡረተኛ በየጊዜው የተወሰነ ገንዘብ ወደ አገሪቱ እያስገባ መኖር ይችላል፤ በርቀት ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ሰው ከ2020 ጀምሮ የሚሰጠውን የአንድ ዓመት ልዩ ቪዛ መጠየቅ ይችላል፤ በተፈቀዱት የመኖሪያ ፕሮጀክቶች ውስጥ ቢያንስ 375,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት የገዛ ሰውም የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛል።

ሕክምና

በሁለቱም አገሮች የመንግሥት ሕክምና ለዜጋ ነፃ ነው፣ ይህም ለዓመታት የዘለቀና ሕዝቡ የሚኮራበት ነው። የውጭ ዜጋ የሚከፍለው ስለሚለያይ የጤና መድን በውሉ ውስጥ መግባት አለበት። በሲሼልስ ዋናው ሆስፒታል በቪክቶሪያ ይገኛል፤ ፕራስሊንና ላ ዲግ የሚባሉት ደሴቶች ትናንሽ ሆስፒታሎች አሏቸው። ለተራ ሕመም፣ ለወሊድ፣ ለስብራት ይህ በቂ ነው፤ የተወሳሰበ የልብ ወይም የካንሰር ሕክምና ሲሆን ግን ታካሚው ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ አገር ይላካል። ለ100,000 ሰው ሁሉንም ዓይነት ስፔሻሊስት ማቆየት አይቻልምና ይህ የአስተዳደር ድክመት አይደለም።

ሞሪሸስ አምስት ትላልቅ የክልል ሆስፒታሎች፣ በፓምፕልሙስ የልብ ሕክምና ማዕከልና በርካታ የግል ክሊኒኮች አሏት። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ወይም ዕድሜው የገፋ ወላጅ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ በዚህ አንድ ምክንያት ብቻ ሞሪሸስን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ሌላ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ደግሞ አለ፤ በሞሪሸስ ከአምስት አዋቂዎች አንዱ ያህል የስኳር ሕመም አለበት። ነጭ ሩዙ፣ የተጠበሰው ምግብና ስኳሩ በዝቶ በሚበላበት ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ የዚያ ልማድ ወራሽ ይሆናል።

የልጆች ትምህርት

ሞሪሸስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ከ1977 ጀምሮ፣ በመንግሥት ተቋማት የመጀመሪያ ዲግሪን ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ለዜጎቿ ነፃ አድርጋለች። በ1965 የተመሠረተው የሞሪሸስ ዩኒቨርሲቲ በሬዱዊ ይገኛል። ለውጭ ዜጎች ልጆች የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ በርካታ የግል ትምህርት ቤቶች ስላሉ ወላጅ አወዳድሮ ይመርጣል። ጫናው ግን ቀላል አይደለም። ፈተናው ጥብቅ፣ ፉክክሩ ከአንደኛ ደረጃ የሚጀምር ነው፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በክፍያ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት እንደ ግዴታ ስለሚቆጠር በወጪው ውስጥ መታሰብ አለበት።

ሲሼልስ ልጆችን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በክሪዮል ታስተምራለች፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። ክሪዮል ለማይችል የስድስት ዓመት ሕፃን የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ቢሆንም ልጆች በፍጥነት ይለምዱታል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲዋ የተመሠረተው በ2009 ሲሆን የትምህርት ዘርፎቹ ውሱን ናቸው፣ ብዙ ወጣቶችም ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ይሻገራሉ። የግል ትምህርት ቤቶቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ቦታ ቢሞላ ሌላ አማራጭ አይገኝም።

አውሎ ነፋስ፣ ጎርፍና የሰፈር ደኅንነት

ማሄ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። አውሎ ነፋስን የሚያሽከረክረው የምድር መዞር ኃይል በዚያ አካባቢ ደካማ ስለሆነ ሳይክሎን እዚያ አይደርስም፤ እንደ ፋርኳር ያሉት የደቡብ ሩቅ ደሴቶች ግን በ2016 ፋንታላ በተባለው ሳይክሎን ተመትተዋል። ሞሪሸስ 20 ዲግሪ ላይ፣ በሳይክሎን መንገድ ላይ ተቀምጣለች። በየካቲት 1960 ካሮል የተባለው ሳይክሎን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን አፈረሰ፤ ዛሬ የሞሪሸስ ቤቶች በቆርቆሮ ፋንታ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ የኖራቸው ከዚያ በኋላ ነው። ነዋሪው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የአየር ትንበያውን ይከታተላል፤ ማስጠንቀቂያው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ይወጣል፣ ሦስተኛው ሲታወጅ መጓጓዣ ይቆማል፣ ሁሉም ውኃ ሞልቶ፣ ሻማና ዳቦ ገዝቶ ቤቱን ይዘጋል። አሁን ከነፋሱ ይልቅ የሚገድለው ጎርፉ ነው። መጋቢት 30 ቀን 2013 በፖርት ሉዊስ በድንገተኛ ጎርፍ 11 ሰዎች ሞተዋል፤ በጥር 2024 ቤላል የተባለው ሳይክሎን በመጣ ጊዜም በዋና ከተማዋ ጎዳናዎች ላይ መኪኖች በጎርፍ ተወስደው እርስ በርስ ተደራርበው ታይተዋል። በፖርት ሉዊስ ቤት የሚከራይ ሰው ምድር ቤት ከመግባቱ በፊት ጎረቤት ይጠይቅ።

ሲሼልስም ከአደጋ ፈጽሞ የጸዳች አይደለችም። ታኅሣሥ 7 ቀን 2023 በፕሮቪዳንስ የኢንዱስትሪ አካባቢ የፈንጂ መጋዘን ፈነዳ፤ በዚያው ሌሊት የጣለው ኃይለኛ ዝናብ በሰሜን ማሄ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት አስከትሎ ሰዎች ሞቱ፣ መንግሥትም የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። በተራራ ጥግ የተሠራ ቤት የሚከራይ ሰው ከጀርባው ያለውን ገደል ማየት አለበት።

የሲሼልስ ትልቁ ቁስል ግን ሄሮይን ነው። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ የተጠቃሚዎቿ ቁጥር በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ መሆኑን የአገሪቱ ባለሥልጣናት ራሳቸው ይናገራሉ፤ በዚያች ትንሽ አገር ልጁን፣ ወንድሙን ወይም ጎረቤቱን በዚህ ያላጣ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ሞሪሸስም በተለይ ወጣቱን በያዘው ሰው ሠራሽ አደንዛዥ ዕፅ ትጨነቃለች። ጎረምሳ ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ በሁለቱም አገሮች ይህን ከቁም ነገር ይቁጠረው። ከዚህ ውጭ ሁለቱም ሥልጣን በምርጫ በሰላም የሚተላለፍባቸው የተረጋጉ አገሮች ናቸው። ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ሙስናው አነስተኛ መሆኑን በሚያሳየው የሙስና መለኪያ ሲሼልስ በ2024 ከ100 ነጥብ 72 አግኝታ ከአፍሪካ አንደኛ ስትሆን ሞሪሸስ 51 ላይ ነበረች፤ ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

የዕለት ኑሮ

በሞሪሸስ ከ600,000 በላይ ተሽከርካሪ ስላለ ጠዋትና ማታ ወደ ፖርት ሉዊስ የሚያስገባው መንገድ ይጨናነቃል። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ሕዝብ የሚያጓጉዘው ቀላል ባቡር በ2022 ኪዩርፒፕ ድረስ ስለዘለቀ በመስመሩ አጠገብ የተከራየ ሰው ብዙ ጊዜ ያተርፋል። በማሄ አውቶቡሱ ርካሽ ነው፣ ሆኖም በምሽት ቶሎ ይቆማል። ከማሄ ወደ ፕራስሊን በመርከብ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በላ ዲግ ደግሞ ብዙው ሰው በብስክሌት ነው የሚሄደው። ውኃ በሁለቱም አገሮች በደረቅ ወራት ይቆራረጣል፤ ሲከራዩ ሮቶ መኖሩን መጠየቅ አይዘንጋ። ሞሪሸስ በ2002፣ ሲሼልስ በ2012 በባሕር ሥር ከተዘረጋ የመገናኛ ገመድ ጋር ስለተያያዙ ኢንተርኔቱ በሁለቱም ለሥራ ይበቃል፤ በብዛትና በዋጋ ግን የሞሪሸሱ ይሻላል።

አየሩን በተመለከተ ሲሼልስ ዓመቱን ሙሉ ሙቀትና ወበቅ ናት። ሞሪሸስ ግን ክረምት አላት፤ ኪዩርፒፕ ከባሕር ጠለል በላይ 550 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በሐምሌና በነሐሴ ሹራብ ያስለብሳል፣ ዝናቡም አይጠፋም። የደጋ ሰው እዚያ በቀላሉ ይለምዳል ብዬ አስባለሁ።

በእንግሊዝኛ በሁለቱም መሥራት ይቻላል፤ በሞሪሸስ ግን ጋዜጣው፣ ሱቁና የቢሮ ወሬው ፈረንሳይኛ ስለሆነ ፈረንሳይኛ የማያውቅ ሰው ለረዥም ጊዜ ዳር ተመልካች ይሆናል። በእምነት በኩል ሲሼልስ በአብዛኛው ካቶሊክ ናት። ሞሪሸስ ግማሽ ያህሉ ሂንዱ፣ ሲሶው ክርስቲያን፣ የቀረው በብዛት ሙስሊም የሆነ ሕዝብ ይዛ የሁሉንም በዓል ታከብራለች፤ በየዓመቱ ለማሃ ሺቫራትሪ ነጭ የለበሱ ምእመናን በእግራቸው ወደ ግራን ባሰን ሐይቅ ሲጓዙ የሌላ እምነት ሰዎች በየመንገዱ ዳር ውኃና ፍራፍሬ ያቀርባሉ። ብቸኝነትን የሚፈራ ሰው ግን የሕዝቡን ቁጥር ያስታውስ። በቪክቶሪያ ከስድስት ወር በኋላ የሚያገኙት ሰው ሁሉ የታወቀ ነው፤ ይህ ለአንዳንዱ ዕረፍት ሲሆን ለሌላው ጭንቀት ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መለኪያ | ሲሼልስ | ሞሪሸስ |
|---|---|---|
| ሕዝብ | ከ100,000 ጥቂት የሚበልጥ | 1.26 ሚሊዮን አካባቢ |
| አንድ ዶላር ሲመነዘር | ወደ 14 ሩፒ | ወደ 45 ሩፒ |
| የቤት ኪራይ | እጅግ ውድ፣ አማራጩ ጥቂት | በመካከለኛው ከፍታ የሚቻል፣ በባሕር ዳርቻ ውድ |
| ምግብ | ዓሣ ርካሽ፣ የቀረው ውድ | አትክልትና የመንገድ ምግብ ርካሽ |
| ፈቃድ | ከአሠሪ ጋር የተሳሰረ | ለባለሙያ፣ ለጡረተኛና ለባለሀብት ብዙ በር |
| ሕክምና | ለተራ ሕመም በቂ፣ ከባዱ ወደ ውጭ | ስፔሻሊስትና የግል ክሊኒክ አለ |
| ትምህርት | መሠረቱ ጥሩ፣ ከፍተኛው ውሱን | ሰፊ ምርጫ፣ ብርቱ ፉክክር |
| ሳይክሎን | በማሄ የለም | በየዓመቱ ሥጋት |
| አሳሳቢ ችግር | ሄሮይን፣ የመሬት ጥበት | ጎርፍ፣ የትራፊክ ጭንቅንቅ፣ ስኳር ሕመም |
| የሙስና መለኪያ (2024፣ ከፍ ያለ ነጥብ ይሻላል) | 72 ከ100 | 51 ከ100 |

ለማን የትኛው?

ነጠላ ሆኖ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውል በሆቴል ወይም በዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሊሠራ የሚሄድ፣ መኖሪያና ምግብ በአሠሪው የተሸፈነለት ሰው ሲሼልስን ይምረጥ። ደመወዙ ከፍ ያለ ሲሆን ትልቁን ወጪ ሌላ ሰው ስለሚከፍለው የሚቆጥበው ገንዘብ ይኖረዋል። ያው ሰው መኖሪያው ካልተሸፈነለት ምክሬ የተለየ ነው፤ በወረቀት ላይ የሚታየው የገንዘብ ብልጫ በኪራዩ ይበላል፤ ስለዚህ ወይ ቤቱን በውሉ ያስገባ ወይም ጥሪውን ይተወው።

ልጆች ያሉት ቤተሰብ፣ መካከለኛ ገቢ ይዞ ለብዙ ዓመታት መኖር የሚፈልግ ከሆነ፣ ከሞሪሸስ የተሻለ አያገኝም። ከሮዝ ሂል እስከ ካትር ቦርን ባለው አካባቢ ባቡሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉና ገበያው ተቀራርበው ይገኛሉ። በርቀት የሚሠራ ሰውም፣ ወርኃዊ ጡረታ የሚቀበል ሰውም፣ መደበኛ የሕክምና ክትትል ያለው ሰውም እንዲሁ። አነስተኛ ደመወዝ ቀርቦለት ወደ ሞሪሸስ ፋብሪካ የሚጠራ ሰው ግን ለአገናኝ የሚከፍለውን በስንት ወር ሊመልሰው እንደሚችል በወረቀት ላይ ያስላው፤ በዝቅተኛው ደመወዝ ትልቅ ዕዳ ይዞ መግባት አደገኛ ነው። በጀቱ ሰፊ ሆኖ ጸጥታን የሚሻ፣ ማዕበል የሚያስፈራው፣ ልጆቹንም አሳድጎ የጨረሰ ሰው ደግሞ ፕራስሊን ላይ ደስ ብሎት ሊኖር ይችላል።

የትኛውንም ቢመርጡ ከመፈረም በፊት እነዚህ ነገሮች በውሉ ላይ መጻፋቸው ይረጋገጥ፦ ደመወዙ የየትኛው አገር ሩፒ እንደሆነ፣ መኖሪያው የት እንዳለና በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያድር፣ የጤና መድኑ በውጭ አገር ሕክምናን ይጨምር እንደሆነ፣ የሥራ ፈቃዱ ሠራተኛው ከመብረሩ በፊት ስለመውጣቱ፣ እንዲሁም ውሉ በአሠሪው ምክንያት ቢቋረጥ የመመለሻውን ትኬት የሚገዛው ማን እንደሆነ።